የጉም አምባ ኩርፊያ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የምነግራችሁ ላም ወጥታበት ከማታውቅ ተራራ ነው። «የበረዶ ሰገነት» በሉኝና እንጀምር።

ጉም አምባ የሚባል ተራራ ነበረ። ሌሊት በረዶ ሲጥልበት ጠዋት ጥላማው ፊቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ይገኛል። የአገሩ ሰዎች ብልሆች ናቸውና በረዶውን ሲያማርሩ ከመኖር እንግዳ ጠሩበት። እንግዳውን ከላይ፣ ከተራራው ትከሻ ላይ፣ ጀንዲ በሚሉት የደረቀ የበሬ ቆዳ ላይ ያስቀምጡታል። ገፋ ያደርጉታል። እየጮኸ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ከታች ጭድ ተከምሮለታል፤ እዚያ ላይ ተንከባሎ ይነሳና «እባካችሁ ድገሙኝ» ይላል። አባት ይወርዳል፣ እናት ትወርዳለች፣ ልጆች ይወርዳሉ። ስሙንም ሸርተቴ አሉት።

ቤዛ የምትባል ልጅ ከአባትና ከእናቷ ጋር እዚያ መጥታ አደረች። አምናም መጥታ ነበር። አምና ግን የአክስቷ ልጆች ሁሉ ሲንሸራተቱ እሷ ከታች ቆማ ጫማቸውን ስትጠብቅ ዋለች። «አንቺ ገና ትንሽ ነሽ፤ ለከርሞ» ተብላ ነበር። እንግዲህ ለከርሞ የተባለው ዛሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህን ቀን ስትጠብቅ ከርማ፣ ሌሊቱን በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማች በደስታ ሳትተኛ ነጋ።

ችግሩ በረዶ ቀጠሮ አያከብርም። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ዞራ ስትመጣ ይቀልጣል። አባቷም ከምሳ በፊት ወደ ከተማ መንገድ መጀመር አለባቸው። ስለዚህ ያለቻት ያቺ ጠዋት ብቻ ናት። አንድ ጊዜ መንሸራተት፣ የምትፈልገው ይኸው ነው።

ሸርተቴው ሥር ስትደርስ ጀንዲዎቹ እንደተጠቀለሉ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ላይ የምታወጣቸው ቦራ የምትባል በቅሎ ናት። ቦራ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ቆማለች።

«ቦራዬ፣ ጀንዲ አውጪልኝ፤ ልንሸራተት» አለቻት ቤዛ።

በቅሎዋ እንደ ሰው ተናገረች ብዬ አልዋሽም። ፊቷን አዞረች፤ ከበቅሎ ይህ ይበቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቦራ ዳገት የምትወጣው ነጂዋ ጫኔ ሲዘፍንላት ብቻ ነው። ዛሬ አልዘፈነላትም፣ እሷም አኮረፈች። እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም፤ ያለ ዘፈን ዳገት መውጣት ለማን ይጥማል።

ቤዛ ወደ ጫኔ ሮጠች። ጫኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አዲስ ቆብ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቆቡን እንደ ታመመ ልጅ ትክ ብሎ ያየዋል።

«ጋሼ ጫኔ፣ ለቦራ ዝፈንላት። ቦራ ጀንዲ ታውጣ፣ እኔም ልንሸራተት።»

«አልዘፍንም።»

«አሞህ ነው?»

«አኩርፌ ነው» አለ ጫኔ። «ይህን ቆብ ገበያ ወርጄ ገዛሁት። ጠዋት አድርጌው በዘነበች መስኮት ፊት አለፍሁ። ተመልሼም አለፍሁ። ቀና ብላ አየችኝና ዝም። አምሮብሃል ማለት ምን ይከብዳል? እሷ ቆቤን ሳታመሰግን እኔ አልዘፍንም።»

ቤዛ ቆቡን አየችው። ቀይ ነው፤ አናቱ ላይ የክር ኳስ ተሰፍቶበታል። አያምርም። ቢሆንም ምንም አላለችም፤ ብልህ ልጅ ናት።

ዘነበች ትኬት ቆራጭ ናት። ከትንሿ መስኮቷ ኋላ እስከ አፍንጫዋ በነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

«እትዬ ዘነበች፣ የጫኔን ቆብ አመስግኚለት። ጫኔ ለቦራ ይዝፈን፣ ቦራ ጀንዲ ታውጣ፣ እኔም ልንሸራተት።»

«እኔ አልናገርም» አለች ዘነበች ከነጠላው ውስጥ። «አፌ በብርድ ደርቋል። ዘበኛው ጋሽ መኩሪያ በየጠዋቱ ከሰል አቀጣጥለው ያመጡልኝ ነበር። ዛሬ ማንደጃዬ ባዶውን አለልሽ። ምን በደልኋቸው? ምን አስቀየምኋቸው? እሳቴ ሳይመጣ ለማንም ቆብ አፌን አልከፍትም።»

ይህን ሁሉ በየትኛው አፏ እንደተናገረች አትጠይቁኝ። የደጋ ሰው ቶሎ አይቆጣም፤ ያኮርፋል እንጂ። ቁጣ ጮሆ ይሄዳል፤ ኩርፊያ ግን ተደላድሎ ይቀመጥና ልመና ይጠብቃል።

እንግዲህ ዘነበች አልናገርም አለች፣ ጫኔ አልዘፍንም አለ፣ ቦራ አልወጣም አለች፣ ጀንዲው ከታች ቀረ። ፀሐይዋም በተራራው ጫፍ ብቅ አለች።

ቤዛ ወደ በሩ ሮጠች። ጋሽ መኩሪያ ካፖርታቸውን እስከ ጆሯቸው አንስተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ለዘነበች እሳት ይውሰዱላት። ዘነበች ቆቡን ታመስግን፣ ጫኔ ለቦራ ይዝፈን፣ ቦራ ጀንዲ ታውጣ፣ እኔም ልንሸራተት።»

«ነይ እስቲ ወደዚህ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «እሳት የሚያነድ ሰው መጀመሪያ የራሱ ሆድ መሞቅ አለበት። እናንተ ስትተኙ እኔ በበረዶ ስደበደብ አደርሁ። ሲነጋ አንድ ሳህን የገብስ ሾርባ ይመጣልኝ ነበር። ዛሬ ከወጥ ቤቱ የደረሰኝ ሽታው ነው። ሽታ ጠጥቼ እሳት ላንድድ? እንኳን ከሰል፣ ክብሪትም አልጭርም።»

«ሾርባው ቢመጣስ?»

«ሲመጣ እንነጋገራለን።»

ጋሽ መኩሪያ አላነድም አሉ፣ ዘነበች አልናገርም አለች፣ ጫኔ አልዘፍንም አለ፣ ቦራ አልወጣም አለች፣ ጀንዲው ከታች ቀረ። የበረዶውም ዳር ዳሩ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። ከድስቱ አጠገብ አንድ ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ጋሼ ወጥ ቤት» አለች ቤዛ።

«ሼፍ» አላት። «ሼፍ ግዛቸው።»

«ጋሼ ሼፍ፣ ለጋሽ መኩሪያ ሾርባ ላክላቸው። ጋሽ መኩሪያ እሳት ያንድዱ፣ ዘነበች ቆቡን ታመስግን፣ ጫኔ ለቦራ ይዝፈን፣ ቦራ ጀንዲ ታውጣ፣ እኔም ልንሸራተት።»

«ሾርባው ደርሷል» አለ ሼፍ ግዛቸው። «ግን አይወጣም። በዚህ ቤት ሾርባ የሚወጣው እማማ ትርንጎ ቀምሰው ‹ይበል› ሲሉ ነው። የጌታዬ፣ የዚህ መዝናኛ ባለቤት እናት ናቸው፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ዛሬ በጭልፋ ይዤላቸው ብሄድ ‹አልቀምስም› ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የኔን ሾርባ! እኔም አኮረፍሁ። ሼፍ አንጀት የለውም ያለው ማነው?»

ቤዛ ስትወጣ አባቷ በር ላይ አገኟት። ተራራውን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ።

«ቤዝዬ፣ በረዶው እያለቀ ነው። አይዞሽ፣ ለከርሞ እንመጣለን።»

«አባዬ፣ ለከርሞ እኮ ዛሬ ነው» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። መልስ ሳትጠብቅም ወደ እማማ ትርንጎ ቤት ሮጠች።

እማማ ትርንጎ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ሸርተቴውን ያሳያል። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

«እማማ ትርንጎ» አለች ቤዛ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ሾርባውን ይቅመሱልኝ። ሼፍ ሾርባ ይላክ፣ ጋሽ መኩሪያ እሳት ያንድዱ፣ ዘነበች ቆቡን ታመስግን፣ ጫኔ ለቦራ ይዝፈን፣ ቦራ ጀንዲ ታውጣ፣ እኔም ልንሸራተት።»

እማማ ትርንጎ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ሲወርዱ ምን ይሰማቸዋል?» አሉ።

«አላውቅም። ወርጄ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ እማማ። «ከዚህ መስኮት ስንቱ ሲወርድ አየሁ። ወፍራሙ ወረደ፣ ቀጭኑ ወረደ፣ ሙሽሮቹ ተቃቅፈው ወረዱ፣ ዳኛውም ከነክራቫታቸው ወረዱ። ተራራው ያደግሁበት ነው፤ ጀንዲዎቹም ከኔ ቤት የወጡ ናቸው። አንድ ቀን ‹ትርንጎ፣ ነይ አንቺም ሞክሪው› ያለኝ ሰው የለም። ትናንት አፍሬም ቢሆን ልጄን ጠየቅሁት። ሳቀና ‹እማዬ፣ አሁንማ አርጅተሻል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልገባልኝ አለ።»

ቤዛ ማልቀሷን ተወች።

«እኔን ደግሞ ትንሽ ነሽ አሉኝ» አለች።

ተያዩ። አንዷን ገና ነሽ አሏት፤ ሌላዋን አልፎብሻል አሏት። ታዲያ መቼ ነው? እኔ ይህን ስሰማ ከሁሉም ኩርፊያ የእማማ ትርንጎ ልክ ነው ብያለሁ፤ የቆቡን ግን እንጃ።

«እማማ፣ ይምጡ፣ አብረን እንንሸራተት» አለች ቤዛ። «እርስዎ ከፊት ይቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ጥብቅ አድርጌ እይዝዎታለሁ።»

«ይቅርብኝ።»

ይቅርብኝ ማለት ድገሚልኝ ማለት ነው፤ ይህን የትኛውም ልጅ ያውቃል።

«በሞቴ» አለች ቤዛ።

«ኧረ ይቅርብኝ፤ ሰው ምን ይለኛል?»

«አፈር ስሆን፣ እማማ።»

«ክፉሽን አያሰማኝ» አሉ እማማ ትርንጎ። «በይ ጋቢዬን አቀብዪኝ።»

እማማ ትርንጎ በወጥ ቤቱ በኩል አለፉ። ከጭልፋው ፉት አሉና «ጨው ያንሰዋል፤ ይበል» አሉ። ሼፍ ግዛቸው ሾርባ ላከ። ጋሽ መኩሪያ ሾርባ ጠጡ፣ እሳት አነደዱ፣ እሳቱን ለዘነበች ወሰዱ። ዘነበች ሞቃት፣ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች፣ መስኮቷን ከፍታ «ጫኔ፣ ቆብህ አምሮብሃል» አለች። እግዜር ይቅር ይበላት። ጫኔ ቆቡን ደፍቶ ዘፈነ፤ ተራራው እስኪያስተጋባ ዘፈነ። ቦራ ጆሮዋን አቆመች፣ ጀንዲውን ተሸከመች፣ እማማን በጀንዲው ላይ ተሸከመች፣ ወጣች። ቤዛ ጭራዋን ይዛ ተከተለች። እንግዶቹም «ምን ተገኘ?» እያሉ ከየክፍላቸው ወጡ።

ላይ ሲደርሱ በረዶው አልቆ፣ መሐል ለመሐል አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ ቀርታለች። መንገዷም እየቀለጠች ታለቅሳለች።

ጫኔ በእግሩ ሞከራት። «አንድ ጊዜ ብቻ ታስወርዳለች» አለ። «ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው። ማን ይውረድ?»

ቤዛ እማማን አየች። እማማ ቤዛን አዩ።

«አንቺ ውረጂ» አሉ እማማ። «ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሽው ነው።»

ቤዛ ልቧ ዘለለ። እሺ ማለት ፈለገች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈለገች። ከዚያ ጀንዲውን ዘረጋችና ከኋላው ጫፍ ቁጭ አለች። ከፊቷ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ቃል ገብቻለሁ» አለች። «ይቀመጡ።»

ከታች የመዝናኛው ጌታ እናቱን አይቶ ኖሮ ጭንቅላቱን ይዞ ይሮጣል። የቤዛ አባትም ይሮጣሉ። ጫኔ ግን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ጀንዲውንም ገፋ።

ወረዱ። ንፋሱ የእማማን ሻሽ ወሰደው። ቤዛ በሁለት እጇ ወገባቸውን አቀፈች፤ እየጮኸች ነው። እማማም እየጮኹ ነው፤ የማን ድምፅ የትኛው እንደሆነ ሰው መለየት አልቻለም። በረዶው ተረጨባቸው፣ ሰማዩ ተገለበጠ፣ ጭዱ ዋጣቸው።

ልጃቸው ጭዱ ላይ ተንበረከከ። «እማዬ፣ አጥንትሽን! ተጎዳሽ? የት ጋ ነው?» እያለ ጭዱን በሁለት እጁ ይበትናል። መጀመሪያ የቤዛ እግር ተገኘ። ቀጥሎ የእማማ ሽበት ተገኘ፣ ጭድ ተሰክቶበታል። ከዚያ ፊታቸው ወጣ። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ እስኪያጥራቸው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ ይስቃሉ። ቤዛም ደረታቸው ላይ ተኝታ ትስቃለች።

«ዝም ብለህ አትቁም» አሉት እማማ ትርንጎ ልጃቸውን። «ሄደህ ሾርባ አስመጣ። አንድ ሳህን ለኔ፣ አንድ ሳህን ለጓደኛዬ።»

ተረቴን መልሱ፤ ያልተጠራውን አስታውሱ።