የአያ ጓንጉል መንጋጋና የድመቷ ክስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ስለ ቁስለኛ የተነገረ ይመስለዋል። እኔ እንደሰማሁት ግን የወጣው ከመንጋጋ ነው፤ ያውም ከአያ ጓንጉል መንጋጋ።

አያ ጓንጉል በጿሚነቱ አገር ያወቀው ገበሬ ነበር። በሁዳዴ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሲቀምስ እሱ እስከ አሥራ አንድ ይቆያል፤ ያልቆየውንም ይገሥጻል። አንድ ዓመት ታዲያ ጾሙ ሲጋመስ ቀኝ መንጋጋው ተያዘ። አፉን ሲከፍት ከጆሮው ሥር ቀጭ ይላል፣ ሲያዛጋ እንባው ይመጣል። እያደር ጣት እንኳ በጭንቅ የምታስገባ አፍ ሆነች።

«የፋሲካን ዶሮ በዓይኔ ልበላው ነው?» እያለ ይተክዝ ጀመር።

ሚስቱ እንጉዳይ ወጌሻውን አያ ባይለየኝን አስጠራች። ባይለየኝ ጥርሶቹን በጥርስ መንቀያ ጉጠቱ እጀታ መታ መታ አደረጋቸው፤ ምንም የለም። ከጆሮው ፊት ለፊት ጫን ሲለው ግን ጓንጉል ጮኸ።

«መጋጠሚያው ነው። ምን ጠጣር ነገር ስታኝክ ከረምህ?»

«እኔ? ሽሮ!»

«ሽሮ መንጋጋ አያስርም።»

«ኧረ እውነቱን ነው፤ ከሽሮና ከጎመን በቀር የቀመሰው የለም» ስትል እንጉዳይ መሰከረችለት።

«እንግዲያው ከሥር የተደበቀ የጥርስ ሕመም ይሆናል። ትልቁን ነቅለን እንየው። እንጉዳይ፣ ራሱን ያዢልኝ።»

የጉጠቱ ብረት ከንፈሩን ሲነካው ጓንጉል የወጌሻውን እጅ ጨብጦ ያዘ። ደኅና ጥርሱ ሊሄድ ነው!

«ቋንጣ ነው! ቋንጣ! ጥሬውን!»

ለካ ሲበስል ይሸታል ብሎ፣ ከጎተራው ጀርባ ተደብቆ እንደ ጠፍር የደረቀውን ቋንጣ ሲያኝክ ነው የከረመው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እንጉዳይ። «ቋንጣውን በላች ብለህ ድመቷን አባረሃት የለም እንዴ!»

«ነፍስ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ብቻ ጥርሴን ተዉልኝ!»

ቁጣዋን ሳቋ ቀደመው። ባይለየኝም ጉጠቱን ወደ ስልቻው መልሶ፣ ጠዋት ማታ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መንጋጋው ላይ እንዲያደርግ፣ የአጃ ሙቅ እየጠጣ እንዲሰነብት፣ ጥርሱን እንዳያፋጭ፣ በሰፊው እንዳያዛጋ አዘዘው። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ያለ ቀጭታ ተከፈተ። እፎይ!

በፋሲካ ዕለት ጓንጉል ጥርሱን ሳያጎድል ዶሮውን ሲበላ፣ ከጎረቤት ተለምና የተመለሰችው ድመትም እግሩ ሥር ተቀምጣ ከእጁ ትጎርስ ነበር። የተጋበዘው ባይለየኝ ይህን አይቶ ሳቀና፣ «ጥቂት ብትዘገይ እኮ ጥርስህ ከእኔ ስልቻ ነበር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» አለው።