ለቀብር ሕግ የተጠራው አንበሳ

ተረት ላውራችሁ፤ እስቲ ጆሮ ስጡኝ።

ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች በአንድ ገደል ይኖሩ ነበር። ጦጣዎች ሙታቸውን በቅጠል ሸፍነው ይቀብራሉ፤ ዝንጀሮዎች ለአሞራ ይተዉታል። አንዱ የሌላውን ልማድ እየተጸየፈ ሲጣሉ ከረሙና፣ ለሁሉም አንድ ሕግ እንዲያወጣላቸው ከሩቅ ሜዳ አንበሳን ሊጠሩ ተነሡ።

እዚያው ገደል የምትኖር ጃርት፣ "ኧረ ተዉ! አንበሳ የሚፈጀንን ነብር ይከልክልልን እንጂ በቀብራችን ምን አገባው?" አለች።

"አንቺ እሾህሽን ይዘሽ ተቀመጪ" አሏት።

አንበሳ መጣ። ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ "ሬሳ ሳላይ እንዴት ልፍረድ?" አለ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያን ቀን የሞተ አልነበረም።

አንበሳም ከጦጣ አንድ፣ ከዝንጀሮ አንድ ሰበረ። በልቶ ሲጨርስ ጢሙን እየላሰ፣ "ይኸው፣ የሚቀበርም የሚጣልም አልተረፈም። ሌላ የማትስማሙበት ነገር ካለ እዚሁ ነኝ" አላቸው።