ከወፍጮ ቤት የተለቀሙ ቃላት

ትርንጎ ለአንድ የውሃ ማጣሪያ መሸጫ ሱቅ በኢንተርኔት ትጽፋለች። የሚያነብላት ስታጣ ወደ ቀድሞ መምህሯ ሄደች።

«ሰው በኢንተርኔት ምን ብሎ እንደሚፈልግ፣ የትኛውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፈ በነፃ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ፤ የቁልፍ ቃል መፈለጊያ ይሏቸዋል» አለቻቸው። «ግን በየሰዉ ቃል ብጽፍ እውቀቴን ማርከስ አይሆንብኝም? ደግሞስ በነፃ የተገኘ ነገር ምን ይረባል?»

መምህሩ እንዲህ ብለው መለሱላት።

አንድ አባት ነበረ። የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረው፤ ተቅማጥ በሦስት ቀን ገደለበት።

ከቀብሩ በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልታጽናናው መጣች። «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አላት። መናገር አልፈለገችም። ደጋግሞ ሲጠይቃት ከቦርሳዋ አንዲት እሽግ ዱቄት አወጣች። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ የሚሰጥ ነው። አባትየው እሽጉን አገላብጦ አየው። በመዳፉ ውስጥ ጠፋ።

«ስንት ነው ዋጋው?»

«ነፃ ነው» አለችው፤ አንገቷን ደፍታ።

ሰውየው ቂም አልያዘም። አበጣበጡን ተማረ፤ ብዙ እሽግ ተቀበለ። ቤቱ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበርና ደጃፉ ላይ ሰሌዳ ተከለ። ጽሑፉን ከእሽጉ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጠው፦ «የሰውነት ፈሳሽ መተኪያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እዚህ ይገኛል።» ሲጨርስ ራቅ ብሎ ቆሞ አነበበው። ኮራበት።

አንድ ወር ሙሉ የመጣው አንድ ገበሬ ብቻ ነው። ማዳበሪያ መስሎት «ለጤፍ ነው ለበቆሎ?» ብሎ ጠይቆ ሄደ።

በዚያ ወር ከበላይ ካለው መንደር ሁለት ሕፃናት ተቀበሩ። እናቶቻቸው በሰሌዳው አጠገብ ስንት ጊዜ አልፈዋል። አባትየው ሁለቱም ቀብር ላይ ቆመ። ተመልሶ ያንኑ ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ጻፈው። አሁንም ማንም አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደ። ሚስቱ ከሐዘኑ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ አይተው ሳቁ።

«ምነው አያ፣ ዱቄቱ ጢምህን እንዳያሸብተው!»

«ተይው እንጂ፣ ሐዘንተኛ ነው» አለች ሌላዋ።

ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ሴቶቹ ከሞተሩ በላይ ይጮሃሉ። ልጅ ከቀበሩት እናቶች አንዷ እዚያ ነበረች።

«ጥርስ እያወጣ ነው ብዬ እኮ ነው የተውኩት» ትላለች። «ያስቀምጠው ነበር። ኋላማ ሲያለቅስ እንባ የለውም።»

አባትየው ክው አለ። ይህን ቃል ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሚስቱ፣ «ዛሬ ያለ እንባ ነው የሚያለቅሰው» ብላው ነበር። እሱም፣ «በርትቶ ነዋ» ብሎ መለሰላት።

እህሉ ተፈጭቶ አለቀ፤ እሱ ግን አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ እየተመላለሰ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠ። የታመመ ልጅ ያላት ካለች እሽግ ያስይዛታል። ስለ ልጅ ሕመም የሚሉትን በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፋል፤ ቃሉ በተደገመ ቁጥር ከጎኑ አንድ ጭረት ይጭራል። «ጥርስ እያወጣ ነው» ሃያ ሦስት ጭረት አገኘ። «ያስቀምጠዋል» አሥራ ዘጠኝ። «እንባ የለውም» አራት። «ንጥረ ነገር» ያለች አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ቤቱ ገብቶ የኮራበትን ሰሌዳ ፋቀው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ልጅዎ ጥርስ እያወጣ ነው? ያስቀምጠዋል? ሲያለቅስ እንባ የለውም? ይግቡ፤ ነፃ ነው።»

በማግስቱ ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት ልጇን አዝላ ስታልፍ ቆመች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከዚያ አባትየውን በፍርሃት አየችው።

«ስለ ልጄ ማን ነገረህ?»

«ግቢ እህቴ» አላት።

ጥርስ እንዳልሆነ የነገራት ከተቀመጠች በኋላ ነው። በጠበጠ፤ በማንኪያ በማንኪያ እያጠጡ እኩለ ቀን አለፈ። ሕፃኗ ዝም ብላ ነበር። በኋላ ሸንታ እናቷን አረጠበቻት፤ ቆይታ ደግሞ አለቀሰች። የአባትየው ሚስት ያን ልቅሶ ስትሰማ ከጓዳ ወጣች። አጎንብሳ የሕፃኗን ጉንጭ በጣቷ ነካች።

«እንባ ነው» አለች። «ተመስገን፣ እንባ ነው።»

ሳይመሽ ባልና ሚስቱ እናትና ልጅን ጤና ጣቢያ ድረስ ሸኟቸው። ሚስቱ ከሐዘኑ ወዲህ ደጃፉን የተሻገረችው ያን ቀን ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አብረው ወፍጮ ቤት ሄዱ። አባትየው ሴቶቹ ፊት ቆሞ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ የሰጣችሁኝ ነገር ልጅ አዳነ» አላቸው።

«ምን ሰጠንህ? ተራ እስኪደርሰን ለፈለፍን እንጂ!»

«ያው እሱን ነው» አለ።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለ ሰሌዳው አንቺ ነሽ፤ ያ መሣሪያም ወፍጮ ቤቱ ነው። ቁጥሩ የካርቶን ላይ ጭረት ነው። ወፍጮ ቤት ያልመጣችውን ሴት አይሰማልሽም፤ ግን ለመጀመር ይበቃሻል። እውቀቴ ይረክሳል ብለሽ ፈርተሻል። ሰውየው በእናቶቹ ቃል ጠራቸው፤ ሲገቡለት እውነቱን ነገራቸው። ታዲያ ምኑ ረከሰ? አንቺም ቃሉን ከሰው ተቀበዪ፤ እውነቱን ከራስሽ ጨምሪበት። በየጭረቱ ጀርባ ልጅ ያዘለች ሴት አለችና ስትቀበዪ አመስግኚ። ነፃ ነው ብለሽም አትናቂው። ዱቄቱም ነፃ ነበር።»