ጥቁሯ ግልገልና የነጭ በጎች አውጫጭ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

በድሮ ጊዜ፣ በግ ከስሶ በሚሟገትበት ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር ነጭ ብቻ የሆኑ በጎች ይኖሩ ነበር። ነጭነታቸውን በጣም ይወዱት ነበር። ጠዋት ሲገናኙ «እንዴት አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ነጥታችኋል» ይባባሉ ነበር። አለቃቸው ፊታውራሪ ባዘቶ የሚባሉ አውራ በግ ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥጥነሽ ትባላለች።

አንድ ቀን ጥጥነሽ ወለደች። ግልገሏ ጥቁር ናት። ጥጥነሽ ላሰቻት። ጥቁር ናት። ደግማ ላሰቻት። አሁንም ጥቁር ናት። በሦስተኛው ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻትና ወደደቻት፤ ከዚያ በኋላ ለማንጣት ብላ አልላሰቻትም።

ፊታውራሪ መጥተው አዩ።

«ይህች ማናት?» አሉ።

«ልጅዎ ናት» አለች ጥጥነሽ።

«እኔ ነጭ ነኝ። አንቺም ነጭ ነሽ። ከነጭና ከነጭ ጥቁር ሲወጣ አላየሁም። አውጫጭ ይጠራ።»

አውጫጭ ማለት ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ከጉባኤው የማይወጣበት ዳኝነት ነው። መውጣት የለም፤ መጋጥም የለም። ፊታውራሪ ፍርዱን አስቀድመው ተናገሩ፦ ጥቁሩን ወደ መንጋው ያመጣ ወደ ጅቡ ሸለቆ ይባረራል፤ ያመጣው ካልታወቀ ደግሞ ግልገሏ ከነእናቷ ትሄዳለች። ግልገሏ ገና መቆም እንኳ አልቻለችም ነበር።

በአውጫጭ ደንብ ጥፋተኛውን በምስጢር የሚያጋልጥ ሰው ወፍ ይባላል። ቁራ ይህን ሰምቶ፣ ወፍ ከሆነ ሥራው የኔ ነው ብሎ መጣ። ምስጢሩን ግን ተወው።

«ፍየሉ ነው» አለ ቁራው። «ጥቁር ነው፤ ሰፈሩም ቅርብ ነው።»

ፍየሉ ቅጠል እያኘከ ቀረበ። «ከኔ ብትወለድ ጭራዋ ወደ ላይ ይቆም ነበር» አለ።

በጎቹ የግልገሏን ጭራ አዩ። ወደ ታች ነው። ፍየሉ ተሰናብቶ ሄደ።

«እንግዲያው ያ የተቃጠለ ጉቶ ነው» አለ ቁራው። «ጥጥነሽ እርጉዝ ሆና እሱን ስታይ ትውል ነበር።»

«ታየኝ ነበር፤ አልክድም» አለ ጉቶው። «እናንተስ ሣር ስታዩ አይደል የምትውሉት? አረንጓዴ የወለደ አለ?»

አረንጓዴ የወለደ አልነበረም። ጉቶው መሄጃ ስለሌለው እዚያው ቆየ። «አንተስ ጥቁር አይደለህም?» ሲል ቁራውን ጠየቀው።

«እኔ እጠይቃለሁ እንጂ አልጠየቅም» አለ ቁራው።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። የበጎቹ ሆድ ይጮህ ጀመር። ፊታውራሪ ፍርድ ሊሰጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጥጥነሽም ልጇን ደረቷ ሥር ደበቀቻት። በዚህ ጊዜ ከግልገሏ ጆሮ ጫፍ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እኛስ አንጠየቅም?»

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ሕዋሶች ነን። ግልገሏ ከእኛ ነው የተሠራችው።»

«መጀመሪያ የመጣው ይቅረብና ይማል።»

«መጀመሪያ አንድ ነበርን» አሉ ሕዋሶቹ። «ያ አንዱ ተከፍሎ ሁለት ሆንን። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። የመጀመሪያው የትኛችን እንደሆነ እኛም ጠፍቶናል። ሁላችንም እንማል?»

ፊታውራሪ ብዛታቸውን ገመቱ፤ የራሳቸውንም ረሃብ አሰቡ። «ሳትምሉ ተናገሩ» አሉ።

«በያንዳንዳችን ውስጥ በጉ ምን እንደሚመስል የሚናገሩ ክሮች አሉ። ለፀጉር ቀለም ሁለት ክር አለ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ከመከፈላችን በፊት የክሩን አምሳያ እንፈትላለን፤ ስለዚህ ለሁላችን እኩል ይደርሰናል። የነጭ ክር ጯሂ ነው። የጥቁር ክር ዝምተኛ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰማው ጯሂው ብቻ ነው፤ በጉም ነጭ ይሆናል። ዝምተኛው ግን አይወጣም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ታዲያ?»

«ወላጅ ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ አይመርጥም። ይህች ግልገል ከእናቷ ዝምተኛው ደረሳት። ከአባቷም ዝምተኛው ደረሳት። ጯሂው ሲጠፋ ዝምተኛው ተናገረ።»

«አባቷ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነጭ ነኝ» አሉ ፊታውራሪ።

«ላይዎ ነጭ ነው» አሉ ሕዋሶቹ።

ቁራው ክንፉን አራገፈ። «እንግዲህ ፍርድ ፍርድ ነው። ጥቁሩን ያመጡት ሁለቱም ናቸው። ሁለቱም ወደ ሸለቆው ይውረዱ።»

ይሄኔ ጥጥነሽ ተነሳች።

«እንወርዳለን» አለች። «ብቻ ሌላ ዝምተኛ ክር የያዘ ካለ አብሮን ይውረድ። ሕዋሶች፣ ማን ማን እንደያዘ ታውቃላችሁ?»

«የየራሳቸውን ሕዋስ መጠየቅ ነው» የሚል መልስ መጣ። «እዚያም ዘመዶቻችን አሉ። እንጥራቸው?»

አንዷ በግ መሽቷል አለች። ሁለተኛዋ ጠል ይወርዳል አለች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትል ሄዳ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጉቶው በቀር በሜዳው ላይ የቀረ ጉባኤተኛ የለም። ቁራውም በረረ።

ከበጎቹ ፊታውራሪ ብቻ ከጥጥነሽና ከግልገሏ ጋር ቆመው ቀሩ።

«ግልገሏ ጠብታለች?» አሉ።

«አውጫጭ ላይ አልነበርን?» አለች ጥጥነሽ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ ፊታውራሪ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩልም ተኙላቸው።

ጥቁሯ ግልገል አደገች፤ እሷም በተራዋ ወለደች። የወለደችው ነጭ ነበር። በጎቹ ሁሉ መጥተው «እንዴት ነጥቷል» አሉ፤ መርቀውም ሄዱ።

«ከጥቁር ነጭ ሲወጣ አውጫጭ የማይጠራው ለምንድነው?» ስትል ጥቁሯ በግ እናቷን ጠየቀቻት።

«ነጭ ስለሆነ ነዋ» አለች ጥጥነሽ።

ልጅቷ ጆሮዋን ወደ ነጩ ግልገል አስጠጋች። «የኔ ክር አይሰማም» አለች።

«አለ» አለቻት እናቷ። «ዝም ብሎ ነው።»

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሌላውን ከደጃችሁ ከማባረራችሁ በፊት በውስጣችሁ ዝም ያለውን አስቡ። ይህን ተረት ግማሹን ከእናቴ፣ ግማሹን ከአባቴ ወሰድኩ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ የደረሳችሁን ስጡ።