ቄጠማ የወረሰው ማሳ

«አንድ ገበሬ ነበረ። የሽንኩርት ማሳውን ቄጠማ ወረሰበት» አሉ የኔታ።

ባዘዘው ግራ ገባው። እሱ የጠየቃቸው ስለ ሚስቱ ነው። የእናኑ አገጭ ጢም ካወጣ፣ የወር አበባዋም ከተዛባ ወዲህ፣ እናቱ «እርግማን ነው፤ ወደ አባቷ ቤት ስደዳት» እያሉ ወጥረው ይዘውታል። እሱ ግን ይወዳታል። ስለ ቄጠማ መቼ ጠየቀ?

የኔታ ቀጠሉ።

ገበሬው ቢያጭደው ሳይውል ሳያድር ያቆጠቁጣል። ዘሩ ይሆን ብሎ ዘር ለወጠ። ነቀለ፤ አቃጠለ። ያው ነው። ጎረቤቶቹ ሲያልፉ «ለበዓል የሚጎዘጎዝ ካንተ ነው የምንገዛው!» እያሉ ይስቁበታል። ማሳው የአባቱ ነው፤ ግን አፈረበት። ጥሎት ሊሄድ ቆረጠና የመስኖ ውሃ ለሚያከፋፍለው ለውሃ አባቱ ሊነግረው ሄደ።

«ማጭዱን አስቀምጥና ተከተለኝ» አለው የውሃ አባቱ።

ሽቅብ ወጡ። ውሃው ከሚከፈልበት ቦታ፣ የየማሳውን ድርሻ የሚመጥነው ድንጋይ ተንሸራቷል። ለሁሉም ማሳ በልኩ የሚደርሰው ውሃ ወደ እሱ ማሳ ያለ ልክ፣ ከአፈር ሥር እየሰረገ ይወርዳል። ገበሬው በንዴት ቦዩን ጨርሶ ሊደፍነው ሲል የውሃ አባቱ እጁን ያዘው።

«ምነው፣ ሽንኩርቱንም ልትገድለው ነው? ልኩን መልስለት እንጂ!»

የኔታ ወደ ባዘዘው ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንዳላሳስትህም እፈራለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያስረዳችኝን ነው የምነግርህ። ቄጠማው ጢሙ ነው፤ ውሃው ሆርሞን የሚሉት ነው። የወንድ የሚባለው ሆርሞን በሴትም ሰውነት በጥቂቱ አለ። ከእንቁላል ማምረቻዋ ወይም ከኩላሊቷ በላይ ካሉት ዕጢዎች ከልኩ አልፎ ሲመነጭ ጠጉር ያበቅላል፤ የወር አበባም ያዛባል። አንዳንዱ መሬት ደግሞ ውሃው ሳይበዛም ያበቅላል። የእናኑ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እናትህም አያውቁ፤ መርምሮ የሚለየው ሐኪም ነው። ብትላጨው ነውር የለውም፤ መላጨት ግን ማጨድ ነው። መሬቱስ ምን በደለና ይጣላል? ይልቅ ሐኪም ቤት ውሰዳት። ደጅ ቆመህም አትጠብቃት፤ አብረሃት ግባ።»