ወደ አጥንት የወረደው የትርንጎ ድምፅ

ተረቴ መጣ! «በየት በኩል?» በሉኝ እንጂ። በአጥንት በኩል! «ምን ይዞ?» ትንፋሽ ይዞ! እሰይ፣ አሁን ስሙኝ።

ከሊማሊሞ ዳገት አናት ባለች መንደር ትርንጎ የምትባል የቆላ ልጅ ነበረች። ለትምህርት ብላ አክስቷ እትዬ ብርነሽ ቤት መጥታ ነው። አባቷ ይርዳው ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሱዙውን ጭኖ ያንን ጠመዝማዛ ይወጣል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ መቆም አይሆንለትም። ለዚህ የመንደሩ ሰው ወግ አለው፤ ዘመድ ከመንደሩ በላይ ያለው አፋፍ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ ሾፌሩም በክላክስ ይመልሳል። የትርንጎ ምኞት ይህችው ብቻ ናት፤ አፋፉ ላይ ወጥታ «አባዬ!» ማለት።

ምን ዋጋ አለው፣ የደጋ አየር ስስ ነው! ጥቂት እንደወጣች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አባቷ ክላክሱን ቢያሰማ፣ ቢያሰማ መልስ የለም። «ልጄ ተቀየመችኝ ወይ?» ብሎ ላከ። እትዬ ብርነሽ ደግሞ ልጅቱን ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር «የቆላ ልጅ ቆላ ይሻላታል» ብለው አውቶቡስ ላይ ያሳፍሯታል። ታች ስትወርድ ይሻላታል፣ ስትመለስ ያው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። በመጨረሻም «አሁን ካቃተሽ እዚያው ትቀሪያለሽ፤ ትምህርቱም ይቅር» አሉና ሻንጣዋን አዘጋጁ።

ያን ዕለት ትርንጎ ወደ አፋፉ በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ቁጭ ብላ ልትጣራ አፏን ከፈተች። ድምፁ ወደ ውጭ አልወጣ ብሎ ወደ ውስጥ ወረደላችሁ!

«እግር ሆይ፣ ትርንጎን አውጣት» አለ ድምፅ።

«ትንፋሽ ካላመጡልኝ አልወጣም!»

«ደም ሆይ፣ ለእግር ትንፋሽ አድርስለት።»

«ቀያዮቹ ተሸካሚዎቼ ጥቂት ናቸው፤ አልሸከምም!» ደም አልሸከምም፣ እግር አልወጣም፤ ትርንጎም ዳገቱ ላይ ቀረች።

ድምፅ አጥንት ውስጥ ገባ፣ መቅኔው ዘንድ። እናንተዬ! መቅኔ ማለት ቀይ የደም ሴል ተወልዳ የምታድግበት አገር ነው። አንድ ጊዜ ተንፍሳችሁ እስክትጨርሱ ስንትና ስንት ሚሊዮን ከዚያ ይወጣል፤ እግዚኦ አያሰኝም?

«እንቦቃቅላዋ ሴል ሆይ፣ ውጪና ተሸከሚ።»

«አስኳሌን ሳልጥል? ሆዴ ሞልቶ ትንፋሹን የት ላድርገው! አልሄድም!»

እውነቷን እኮ ነው። ቀይ ሴል ስትጎለምስ፣ የዘር ማንዘሯን ቃል የያዘውን አስኳሏን አውጥታ ትጥልና ሆዷን ለሰው ትንፋሽ ትለቃለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይነዝረኛል። እንግዲህ ሴል አልሄድም፣ ደም አልሸከምም፣ እግር አልወጣም፤ ትርንጎም ዳገቱ ላይ ቀረች።

«አስኳል ሆይ፣ ልቀቃት።»

«ይሄ ጯሂ ‹ተባዢ! ተባዢ!› እያላት? አልለቅም!»

ጯሂው የሴሏ የልጅነት መልእክት ነው፤ በልጅነቷ ጠቅሟት ነበር፣ አሁን ግን ጊዜው አልፎበታል።

«ጯሂ ሆይ፣ ዝም በል።»

«አፌን የሚይዘኝ ካልመጣ ዝም አልልም!» ጯሂ ዝም አልልም፣ አስኳል አልለቅም፣ ሴል አልሄድም፣ ደም አልሸከምም፣ እግር አልወጣም፤ ትርንጎም ዳገቱ ላይ ቀረች።

ታዲያ አፉን የሚይዘው ማን ነው? ጥግ ላይ አንዲት ጢኒጥ ተኝታለች። አር ኤን ኤ ናት፣ ከአስኳል ቃል የተቀዳች ቁራጭ፤ ከዘመዶቿ ግን ትለያለች። እነሱ የፕሮቲን አሠራር ተሸክመው ላይ ታች ይላሉ፣ እሷ ምንም አልያዘችም። «ይቺ ደግሞ ምን ትረባለች!» ሲባልላት ኖሯል። የሷ ሙያ ጯሂ መልእክት ላይ ጥብቅ ብሎ ዝም ማሰኘት ነው።

«ጢኒጧ ሆይ፣ ተነሺ።»

«ቀስቃሼ ካልጠራኝ አልነሳም!»

ቀስቃሽ እዚያው ሴሏ ውስጥ ሆኖ የተኙትን የሚጠራ ፕሮቲን ነው።

«ቀስቃሽ ሆይ፣ ጥራት።»

«የኩላሊት መልእክት ካልደረሰኝ አልጠራም!» ቀስቃሽ አልጠራም፣ ጢኒጧ አልነሳም፣ ጯሂ ዝም አልልም፣ አስኳል አልለቅም፣ ሴል አልሄድም፣ ደም አልሸከምም፣ እግር አልወጣም፤ ምስኪኗ ትርንጎም ዳገቱ ላይ ቀረች።

ድምፅ ደከመው፤ ቢሆንም እስከ ኩላሊት ሄደ። ኩላሊት ጎን ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈውን ደም ይቀምሳል።

«ኩላሊት ሆይ፣ እባክህ ላክ።»

«ኧረ ተዉኝ! ትንፋሽ መጉደሉን ቀምሼ መላክ በጀመርኩ ቁጥር ልጅቱን ቆላ ታወርዷታላችሁ። እዚያ ትንፋሽ ተትረፍርፎ ምን ብዬ ልላክ? ደጋው ላይ ካልሰነበተች አልልክም!»

ድምፅ ተመልሶ ትርንጎ አፍ ላይ ደረሰ። ጩኸት መሆን ስላልቻለ ሹክሹክታ ሆነ። እትዬ ብርነሽ ሻንጣዋን ይዘው ሊወስዷት መጥተው ነበር።

«እትዬ፣ አያውርዱኝ። ልለምደው ስል ነው የሚያወርዱኝ፤ ቀስ እያልኩ ልልመደው።»

«ወይ እኔ! ለካ የሳሳሁላት መስሎኝ መንገድ የዘጋሁባት እኔው ነኝ!» አሉና ሻንጣውን አስቀመጡ። «እሺ የኔ ልጅ። ሲደክምሽ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ትርንጎ ሰነበተች። ትንሽ ትሄዳለች፣ ታርፋለች፤ እሳቸውም አብረዋት ያርፋሉ። ያኔ ኩላሊት ላከ! ኩላሊት ሲልክ ቀስቃሽ ጠራ፣ ቀስቃሽ ሲጠራ ጢኒጧ ተነሳች፣ ጢኒጧ ስትነሳ ጯሂ ጸጥ አለ፣ ጯሂ ጸጥ ሲል አስኳል ለቀቀ፣ አስኳል ሲለቅ ሴል ወጣች፣ ሴል ስትወጣ ደም ተሸከመ፣ ደም ሲሸከም እግር ወጣ፤ ትርንጎም አፋፉ ላይ ቆመች!

አይሱዙው ከታች እያቃሰተ ብቅ አለ።

«አባዬዬዬ!»

ገደሉ ተቀብሎ አስተጋባ። ይርዳው ክላክሱን ተጫነው፤ ዳገቱን ጨርሶ እስኪያልፍ እጁን አላነሳም። እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ አጥንት ውስጥ ያቺ ጢኒጥ አንዱን ጯሂ ዝም ባታሰኝ ኖሮ፣ ያን ቀን አባትየው የልጁን ድምፅ አይሰማም ነበር።

ተረቴ በአጥንት ገብቶ በአፍ ወጣ፤ እናንተም የምትናፍቁትን ተጣሩ።