ማናለብኝ ርችት የፈራ ዕለት

ቀረብ ቀረብ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ተረት የሰማችሁበትን ሰዓት አያስቆጭም፤ ግቢው ውስጥ ውሻ ላለው ሰውማ ከተረትም በላይ ይጠቅማል። ልጀምር? «ጀምር!» በሉኛ! እንዲህ ነው እንጂ።

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ቢፈልግ በሚሰማበት ዘመን፣ ከጫካ ጥግ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ እንየው የሚባል ሰው ነበረ። ስንዱ የምትባል ሚስት ነበረችው። ማናለብኝ የሚባል ውሻም ነበረው።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» እንዳትሉኝ። በዚያ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ነው የሚናገረው። እንየው ከጎረቤቱ ከፈንቴ ጋር በአጥር ወሰን ተጣልቶ ነበርና ውሻውን «ማናለብኝ» አለው። ማታ ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ «ማናለብኝ! ና ብላ!» ብሎ ይጣራል። ፈንቴም ዝም አላለም። ቡችላ አመጣና «ቆይብቻ» አለው። አንዱ «ማናለብኝ!» ሲል ሌላው «ቆይብቻ!» ሲል፣ ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ እየተሰዳደቡ ዓመት አለፈ። ውሾቹ ግን በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ ይዋደዱ ነበር።

ማናለብኝ ስሙን አላሳፈረም። አያ ጅቦ የእንየውን በጎች ሊበላ መጣ፤ አባረረው። ደግሞ መጣ፤ ነከሰው። ሠልሶ መጣ፤ ጆሮውን ቦጨቀው። አያ ጅቦ ጫካው ዳር ተቀምጦ «ይህን ውሻ ሳልበላ ብሞት አፈር አይቀበለኝ» ብሎ ማለ።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ሲያጉረመርም ማናለብኝ ጭራውን ቆልፎ ጎተራ ሥር ሲገባ አያ ጅቦ አየ።

«አሃ!» አለ። «ጥርሴ ያልቻለውን ድምፅ ይችልልኛል!»

ወደ ላይ አንጋጦ «ጌታው ነጎድጓድ፣ ያንን ውሻ ከግቢው አስወጣልኝ» አለ።

«አይሆንም» አለ ነጎድጓድ። «እኔ ስመጣ ደመናው ይቀድመኛል፤ የዝናብ ሽታም ይቀድመኛል። ውሻው በአፍንጫው አውቆኝ ቀድሞ ይሸሸጋል። የተሸሸገ ከግቢ አይወጣም።»

ቡሄ ደረሰ። ልጆች ጅራፍ አጮሁ። አያ ጅቦ ጅራፉን «ወንድሜ ጅራፍ፣ አንተ አስወጣልኝ» አለው።

«አይሆንም» አለ ጅራፍ። «እኔ የምጮኸው በሰው እጅ ነው። እጁ ሲነሳ ውሻው ያያል። የሚሸሸው ከምን እንደሆነ ያወቀ ደግሞ ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው።»

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ አንድ ነጋዴ በሻንጣው ርችት ይዞ በጫካው መንገድ መጣ። በከተማዋ ርችት የሚባል ነገር ታይቶ አያውቅም። ነጋዴው ደክሞት ከዛፍ ሥር ጋደም ሲል አያ ጅቦ ሻንጣውን አሸተተና ጠየቀ።

«አንተ ማን ነህ?»

«ርችት ነኝ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መውጣት፣ መፈንዳት፣ መሞት።»

«ደመና ይቀድምሃል?»

«ምንም አይቀድመኝም።»

«የሚያጮህህ እጅስ ይታያል?»

«የሚለኩሰኝ እታች ሌላ ሠፈር ነው፤ እኔ የምጮኸው ሰማይ ላይ ነው።»

«ውሻ ትጠላለህ?»

«ዓይን የለኝም» አለ ርችት። «ከሥሬ ማን እንዳለ አላውቅም። ከለኮሱኝ እሄዳለሁ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሻ ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ይሰማል፤ እኛን ደስ የሚለን ድምፅ እሱን ያስጨንቀዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቀው ነው። አያ ጅቦ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይህን ግን ጠይቆ ደረሰበት።

የቀረው የእንየው በር ነበር። «በር ሆይ፣ ትከፈትልኛለህ?»

«የሚከፍተኝም የሚዘጋኝም ሰው ነው» አለ በር። «ግን የበዓል ዋዜማ ነውና፣ ችቦ ይዞ የሚገባ፣ ዘፍኖ የሚወጣ ይበዛል። ያን ቀን ማንም አይዘጋኝም።»

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ነጋዴው ገበያ ለመሳብ አንዱን ርችት ለኮሰ። ጧ! አለ። ማናለብኝ ዘሎ ጎተራ ሥር ገባ። ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ ወደ እንየው ሄደ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ማታ ቤት አስገባኝ።»

«ምን ሆነህ?»

«ፈራሁ።»

«ዝም በል! ፈንቴ ይሰማሃል! ጅብ የቦጨቅህ ውሻ ባዶ ጭስ ትፈራለህ?»

«ጅቡን እነክሰዋለሁ። ይሄን ምኑን ልንከሰው?»

ስንዱ ከማጀት ብቅ አለች። «አስገባው እንጂ አንተ ሰው! አልጋ ሥር ቢያመሽ ምን ይጎድልብሃል?»

«ስሙ ይጎድልብኛላ! ማናለብኝ አልጋ ሥር ገባ ተብሎ እስከ መስቀል ሊሳቅብኝ?»

«ስሙን ያወጣኸው አንተ፣ የሚንቀጠቀጠው እሱ!»

«ይልመደው። ሲለምደው ይተዋል» አለ እንየው። በውሻው አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረና፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ወለል ብሎ የተከፈተው በር ላይ አቆመው።

ጀምበር ጠለቀች። ችቦ በራ። ዘፈኑ ደመቀ።

የመጀመሪያው ርችት ፈነዳ። ማናለብኝ ጭራውን ቆለፈ። እንየው ሰማይ ሰማይ እያየ «እሰይ!» አለ።

ሁለተኛው ፈነዳ። ማናለብኝ ከእንየው እግር ሥር ተወሸቀ። እንየው ሰማይ ሰማይ እያየ በእግሩ ገፋ አደረገው።

ሦስተኛው ፈነዳ። ማናለብኝ በተከፈተው በር ወጣ። በችቦው መሀል፣ በሰው እግር መሀል፣ ከከተማው ውጭ፣ ወደ ጫካው ሮጠ። ጫካው አፋፍ ላይ ያለው ገደል ውስጥ አያ ጅቦ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

እንየው ዓይኑን ከሰማይ ሲያወርድ ውሻው የለም።

«የት ሄደ?»

«ሸሸ» አለች ስንዱ።

«ቀስ በይ!» አላት። መንገድ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማናለብኝ...» አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ «ማናለብኝ...» አለ። ከዚያም ራቅ ብሎ «ማናለብኝ...» አለ። ቀስ ተብሎ የተጠራ ስም ሩቅ አይሄድም።

ስንዱ ተከትላው ደረሰችና «ፈንቴ እንዳይሰማ ብለህ ውሻው ይሙት?» አለችው። መልሱን አልጠበቀችም። ሄዳ የፈንቴን በር አንኳኳች። እንየውም አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ቆመ።

ፈንቴ በሩን በጠባቡ ከፈተ። «ግቡ፣ ግቡ! ቶሎ ዝጉት!»

ቤቱ ውስጥ ቆይብቻ በፈንቴ ጋቢ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተኝቷል። መስኮቱ ተዘግቷል። ፊቱ ትልቅ አጥንት ተቀምጦለታል።

«ቆይብቻ ገጠር ሄዷል ብለህ ለሠፈሩ አውርተህ አልነበር?» አለ እንየው።

«ምን ልበል ታዲያ? ያንተ አንበሳ በር ላይ ቆሞ የእኔው ውሻ አልጋ ሥር ገባ ልበል?» አለ ፈንቴ። «እንዳታወራብኝ፣ አደራ!»

«የእኔው ጠፍቷል ፈንቴ። ፈርቶ ጠፋ። እባክህ እርዳኝ።»

ፈንቴ ችቦ አነሳ። ስንዱ ከቆይብቻ ጎን ተቀመጠች፤ ሁለቱ ወንዶች የማናለብኝን ዱካ በችቦ እያዩ ወደ ጫካው ሄዱ።

ገደሉ ውስጥ ማናለብኝ ከድንጋይ ጋር ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። አያ ጅቦ ተረጋግቶ ጠየቀው።

«ጥርስህ የት አለ?»

ማናለብኝ ዝም አለ።

«ስምህስ የት አለ?»

ማናለብኝ ዝም አለ።

«ጌታህስ የት አለ?»

ማናለብኝ አሁንም ዝም አለ። አያ ጅቦ ተወረወረና የኋላ እግሩን ያዘ። ያን ጊዜ ከላይ ሁለት ሰዎች በሙሉ ድምፃቸው «ማናለብኝ! ማናለብኝ! አለንልህ!» እያሉ ችቦ ይዘው ወደ ገደሉ ወረዱ። አያ ጅቦ እሳቱን ሲያይ ለቆት ፈረጠጠ።

እንየው ውሻውን ተሸከመው። የእግሩ ደም በትከሻው ወረደ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ችቦው በሚነድበት፣ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ነው የሚያልፈው። ዘፈኑ ቆመ።

«እንየው! ጀግናው ምን ሆነ?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

እንየው ቆመ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ርችት ፈራ» አለ። «እንደፈራም ነግሮኝ ነበር። በሩን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። ከሰዎቹ መሀል ሦስቱ ዘፈኑን ትተው ወደየግቢያቸው ሮጡ።

ማናለብኝ አልሞተም፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ግን አነከሰ። የደመራው ዕለት ርችት እንደሚተኮስ ሲሰማ፣ እንየው ውሻውን በጠራራ ፀሐይ አንሸራሽሮ መለሰው። ጀምበር ሳትጠልቅ በሩን ቆለፈ፤ አልጋ ሥር ማቅ አነጠፈለት። ርችቱ ሲፈነዳ አልተቆጣውም፣ አልጎተተውም፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ማናለብኝ ተንቀጠቀጠ። ግን ከቤት አልወጣም።

ተረቴ ይህን ይላል፦ ውሻ ጌታውን ከሌባ ይጠብቃል፤ ውሻን ከበዓል የሚጠብቀው ግን ጌታው ነው።

እኔ ተርቼ ጨረስኩ፤ ሥራው የእናንተ ነው። ውሻችሁ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ የት እንደሚገባ ተመልከቱ። አልጋ ሥር ነው? ከበርሜል ኋላ ነው? ያችን ቦታ ጠርጉለት፣ አሮጌ ልብስ አንጥፉለት፣ በመጪው በዓል ዋዜማም አጠገቡ ቁጭ በሉ። በሉ ተነሱ፣ አሁኑኑ ሞክሩት!